በአንድ ፓውንድ የተሸጠ ክለብ

ባለፈው እሑድ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን ስለ እግር ኳስ ስንጨዋወት፣ በእንግሊዝ አገር አንድ ጥንታዊ ክለብ በአንድ ፓውንድ ብቻ ተሽጦ እንደ ነበረ ባወራላቸው፣ በቅርቡ ሥራ የያዘው ወዳጃችን ብርጭቆውን አስቀምጦ «ምነው ሳልሰማ ቀረሁ! እኔም እኮ እገዛው ነበር» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ወደ ቤቴ ስመለስ ነገሩን ሳሰላስለው ግን የክለቡ መከራ ሁሉ በዚሁ ቀልድ ውስጥ ያለ ሆኖ ታየኝ።

ክለቡ በሪ ይባላል። ከማንቸስተር በስተሰሜን በምትገኘው በበሪ ከተማ በ1885 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) የተመሠረተ ሲሆን፣ የእንግሊዝን ዋንጫ በ1900 እና በ1903 ወስዷል። በሁለተኛው ጊዜ ደርቢ ካውንቲን ያሸነፈው 6 ለ 0 ነበር። ይህን የሚያህል ታሪክ ያለው ክለብ በ2013 ሕንፃ እያሠራ በሚሸጥ አንድ ነጋዴ እጅ ገባ። ነጋዴው ከክለቡ ገቢ በላይ ደመወዝ እየከፈለ ተጫዋች ሰበሰበ፤ ጊግ ሌን የተባለው ሜዳም ለብድር መያዣ ሆነ። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር፤ ታዋቂ ተጫዋች በመጣ ቍጥር ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ደጋፊ ብዙ አልነበረም።

የነጋዴው ድርጅቶች ሲናጉ ክለቡ በዲሴምበር 2018 ለስቲቭ ዴል በአንድ ፓውንድ ተሸጠ። ገዢው በበሪ ከተማ የእግር ኳስ ቡድን መኖሩን እንኳ ቀድሞ እንደማያውቅ ኋላ በራዲዮ ተናግሯል። ስለ ሰውየው ልብ ልፈርድ አልችልም። የምፈርደው በደንቡ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው የሊጉ ደንብ አንድ ሰው ክለቡን የሚያስተዳድርበት ገንዘብ እንዳለው አስቀድሞ ሳያስረዳ ባለቤት ሊሆን ይችል ነበር። አንድ ተራ ጸሐፊ ሲቀጠር ዋስ ጥራ ይባላል፤ የአንድ ከተማን የመቶ ዓመት ቅርስ ለሚረከብ ሰው ግን ጥያቄው የሚመጣው ቍልፉን ከተቀበለ በኋላ ነበር።

የሚያስደንቀው ተጫዋቾቹ ናቸው። በ2019 ጸደይ ደመወዛቸው ሳይከፈል እየተጫወቱ በአራተኛው እርከን ሁለተኛ ወጥተው ክለቡን ወደ ሦስተኛው አሳደጉት። ብዙም ሳይቆይ፣ በጁላይ፣ ዕዳውን ለማቃለል ስምምነት ተደረገ። የሊጉ ደንብ የተጫዋች ደመወዝና ለሌሎች ክለቦች የሚከፈል ዕዳ ሙሉ በሙሉ ይከፈል ይላል። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤትና መያዣ የሌላቸው ሌሎች ባለገንዘቦች ግን ከመቶው ሃያ አምስቱን እንዲቀበሉ ተወሰነ። ተጫዋች ላቡን ይቀበል፤ ይህን የሚቃወም የለም። ነገር ግን ዕቃ አምኖ በዱቤ የሰጠው ነጋዴ ሩቡን ይዞ ሲመለስ፣ ሌላው ክለብ ተጫዋች የሸጠበትን ዋጋ ሙሉውን መቀበሉ በምን ሚዛን ተመዝኖ ነው? እግር ኳስ ራሱን ከሕዝቡ በላይ ያደረገው በዚህ ላይ ይመስለኛል።

ኦገስት 27 ቀን 2019 አዲስ ገዢ ተገኘ የሚል ተስፋ ስለ ነበረ፣ ደጋፊዎቹ መጥረጊያ ይዘው ሜዳውን ሲያጸዱ፣ ወንበሩን ሲወለውሉ ዋሉ። ገዢው ሐሳቡን ለወጠ። በዚያው ማታ ክለቡ ከ1894 ጀምሮ ከቆየበት ሊግ ተባረረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሚያኰራ አይደለም። ደጋፊዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን አዲስ ክለብ አቋቁሞ በሌላ ሜዳ ሲጫወት፣ ሌላው ወገን ከመንግሥት በተገኘ ገንዘብና በሌላ እርዳታ በ2022 ጊግ ሌንን ገዛ። ለመዋሐድ የተሰጠው ድምፅ በመጀመሪያ አልሞላም፤ በ2023 ሞላ፤ በዚያው ዓመትም በሪ በቀድሞ ስሙ ወደ ሜዳው ተመለሰ። በ2025 ወደ ስምንተኛው እርከን አድጓል።

በ2025 የእንግሊዝ ምክር ቤት ክለቦችን የሚቈጣጠር ነጻ መሥሪያ ቤት በሕግ አቋቋመ። የሚገዛ ሰው ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ሕጉን ለማውጣት ከቀሰቀሱት ምክንያቶች አንዱ የበሪ መከራ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሕጉ የተዘጋጀው እስከ አምስተኛው እርከን ላሉት ክለቦች ስለ ሆነ በሪ ራሱ ከሥሩ ቀርቷል።

ይህን ሁሉ በማግሥቱ ለዚያ ቀልደኛ ወዳጄ ብተርክለት ጥቂት አሰበና፣ «ገንዘቡ ከየት መጣ የሚሉ ከሆነስ ይቅርብኝ፤ ያቺን አንድ ፓውንድም ከአንተ ልበደር ነበር ያሰብሁት» አለኝ።