«ይብራራ» ብሎ መመለስ ግምገማ አይደለም

ከሚዛን አማን ወደ ቴፒ ስሄድ ሸኮ ላይ ወርጄ ከአንድ የንብረት ገማች ወዳጄ ጋር ቡና ጠጣን። ለካሳ የሠራው የአንድ ገበሬ የቡና ማሳ ግምት ከአዲስ አበባ ተመልሶበታል፤ ለሦስተኛ ጊዜ። የገምጋሚውን ጥያቄዎች ከስልኩ አሳየኝ። ሦስቱን ልንገራችሁ።

አንደኛ፦ በቡናው ረድፎች መካከል ያለው ርቀት ይገለጽ። ማሳው ግን ከፊል የጫካ ቡና ነው፣ ረድፍ የለውም። በጥላ ዛፍ ሥር፣ ከኮረሪማና ከእንሰት ጋር ተሰባጥሮ ያደገ ነው። ሪፖርቱም ይህንኑ ይላል።

ሁለተኛ፦ የይዞታ ካርታ ይያያዝ። የገጠር ገበሬ እጅ ያለው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው፤ እሱም ተያይዟል።

ሦስተኛ፦ በአካባቢው የተሸጡ ሦስት ተመሳሳይ የእርሻ መሬቶች ዋጋ ይቅረብ። ይሄኛው ያስቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ገማቹ ሕጋዊ የሽያጭ ዋጋ ከየት ያምጣ?

ልብ በሉ፣ ሦስቱም ቢመለሱ የካሳው ቁጥር በአንድ ብር አይቀየርም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ገምጋሚ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ለካሳ ተብሎ በአንድ ሌሊት የሚተከል ችግኝ፣ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ የቡና እግር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። የመንግሥት ገንዘብ የሕዝብ ነውና ጠያቂ ያስፈልገዋል። ግን ጥያቄም ዓይነት አለው። ደንብ ቁጥር 135/1999 ምርት መስጠት ያልጀመረን ቋሚ ተክል በማሳደጊያ ወጪው፣ የጀመረውን ደግሞ በዓመታዊ ምርቱና በአካባቢው የገበያ ዋጋ እንዲሰላ አድርጎ ነበር። ስለዚህ «ምርት የጀመረው ስንት እግር ነው? ቆጠራው ላይ እነማን ነበሩ? የኪሎው ዋጋ ከየትኛው ገበያ፣ በየትኛው ወር ተወሰደ?» ብሎ የሚጠይቅ ገምጋሚ ሥራውን ሠርቷል። መልሱ ቁጥሩን ሊያንቀሳቅስ ይችላል። የረድፍ ርቀት ግን ቅጹ ላይ ባዶ ሳጥን ስላለ ብቻ የተጠየቀ ነው። ቅጹ የተዘጋጀው በመስመር ለተተከለ ትልቅ እርሻ ይሆናል፤ የሸኮ ማሳ ጥፋቱ ምንድን ነው?

የዚህ ምልልስ ዋጋ የሚከፈለው አዲስ አበባ አይደለም። ማሳው ከተቆጠረ በኋላ ገበሬው አዲስ ችግኝ ቢተክል ማን ይቆጥርለታል? አልነቀለ፣ አልተከለ፤ እንዲሁ ይጠብቃል። ካሳው ደርሶት ሌላ ቦታ ቢተክል እንኳ ቡና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። ገንዘቡም ዝም ብሎ አይጠብቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን ጠረጴዛ ላይ የከረመ ግምት ምን ያህል እንደቀለለ አስቡት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 ካሳው ተመጣጣኝ ይሁን፣ በቅድሚያም ይከፈል ያለው በከንቱ አይደለም።

ምን ይደረግ? ገምጋሚ እያንዳንዱን ጥያቄ ሲጽፍ፣ መልሱ የትኛውን ስሌት እንደሚነካ አብሮ ይጻፍ። በአሜሪካ የግምት ሙያ መስፈርት ገምጋሚ የማይስማማ ከሆነ ምክንያቱን እንዲያስቀምጥ ይጠይቃል፤ እኛ ጋ «ይብራራ» የምትል አንዲት ቃል ፋይል ታስመልሳለች። የማይነካ ጥያቄ ካለም ይጠየቅ፣ ግን ክፍያውን አያስቁም። ጥያቄዎቹም በአንድ ጊዜ ይምጡ እንጂ በየዙሩ አዲስ አይፈልቅ።

ለገማቾችም አንድ ቃል አለኝ። መናደዱ አያዋጣም። ወዳጄ አሁን ሪፖርቱን የሚጀምረው «ይህ ማሳ ረድፍ የለውም፤ ምክንያቱም…» ብሎ ነው፣ ከነፎቶው። ለተመለሰ ጥያቄ የገጹን ቁጥር ጠቅሶ በሁለት መስመር ይመልሳል፣ የተመለሰበትንም ቀን ይመዘግባል። ነገ «ማን አዘገየው?» ሲባል የሚናገረው ያ ቀን ነውና።

ቡናችንን ጠጥተን ስንነሳ ስልኩ ጮኸ። ገበሬው ነበር። «ልጄ፣ ዛሬስ ምን አሉ?» ይላል። ከ14ቱ ጥያቄዎች ሁሉ መልስ የሚገባው ይሄ ነበር።