መድኃኒቱ ይሻገራል፣ ማስጠንቀቂያው ይቀራል

ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ በሚጓዝ ሰው ሻንጣ ውስጥ፣ ከጫማውና ከሽቶው መካከል፣ አንድ ትልቅ የማስታገሻ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። የተላከው ጉልበቷን ለሚያማት እናት ነው። ጠርሙሱ አልጋዋ አጠገብ ይቀመጣል፤ ለጉልበት የመጣው ለወገብም፣ ለራስ ምታትም ይውላል፤ ጎረቤት ሲያማትም ተቆጥሮ ይሰጣታል። ወራት ያልፋሉ። ከዚያ በስልክ የሚሰማው «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» የሚል ይሆናል፤ የልጅም መልስ የታወቀ ነው፦ «እማዬ፣ በርበሬውን ቀንሺ እንጂ።»

በበርበሬ ላይ የሚቀርበው ይህ ክስ ለከሳሹ ምቹ ነው፤ ላኪውን ከደሙ ንጹሕ ያደርገዋል። ቅመም ሆድን ሊያቃጥል ይችላል፤ የጨጓራ ቁስለት በዋናነት የሚመጣው ግን ከሁለት ነገሮች መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። አንደኛው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች በዚህ ግኝታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሁለተኛው አይቡፕሮፌንን፣ ናፕሮክሲንን፣ ዲክሎፌናክንና አስፒሪንን ያቀፈው የማስታገሻ ቤተሰብ ነው። ባክቴሪያው በኢትዮጵያ እጅግ የተስፋፋ ነው፤ ማስታገሻው ደግሞ በሻንጣ ይገባል። ሁለቱ በአንድ ጨጓራ ውስጥ ሲገናኙ አደጋው አንዱ ለብቻው ከሚያደርሰው በብዙ ይበልጣል።

እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳሳየው፣ እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ በማገድ ነው። ችግሩ፣ የጉልበቱን ሕመም የሚያባብሱት እነዚሁ ንጥረ ነገሮች የጨጓራን ግድግዳ ከራሱ አሲድ የሚጋርደውን ዝልግልግ ሽፋን የሚጠብቁ መሆናቸው ነው። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚደርሰው በደም ዞሮ ስለሆነ፣ «ምግብ ቀምሰሽ ዋጪው» የሚለው ምክር ማቃጠሉን ያለዝብ እንደሆነ እንጂ ቁስለቱን አያስቀርም። መርፌውም ያው ነው፤ ዲክሎፌናክ የተወጋ ሰው ጨጓራዬን አተረፍኩ ብሎ ቢያስብ ተሳስቷል።

«ጎጂ ቢሆን ኖሮ እንደ ማስቲካ በየሱቁ ይሸጥ ነበር?» የሚለው መከራከሪያ ብዙ ጊዜ ይሰማል። የፈቃዱን ትርጉም ግን ይስታል። አይቡፕሮፌን በአሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ፈቃዱ «አይጎዳም» የሚል ምስክርነት ሳይሆን ውል ነበር። ገዢው ጽሑፉን ያነባል፣ ከመጠኑ አያልፍም፣ ሲጠራጠር ፋርማሲስት ይጠይቃል በሚል ግምት ላይ የቆመ ውል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 የጨጓራ መድማት ማስጠንቀቂያ በመጠቅለያው ላይ ጎልቶ እንዲጻፍ ያስገደደው ለዚሁ ነው። አደጋቸው ከፍ ያለ ተብለው የተዘረዘሩት እነማን ናቸው? ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ፤ ከዚህ ቀደም ቁስለት ወይም መድማት የነበረባቸው፤ ደም ማቅጠኛ ወይም ስቴሮይድ የሚወስዱ፤ ከዚሁ ቤተሰብ ሌላ መድኃኒት የሚደርቡ፤ በየቀኑ ሦስትና ከዚያ በላይ መጠጥ የሚጠጡ፤ ከተባለው መጠን ወይም ጊዜ የሚያልፉ። መጠጡን ትቶ ቀሪውን ደግሞ ያነበበ ሰው፣ ማስጠንቀቂያው ስለማን እንደተጻፈ አይጠፋውም። የተጻፈው ስለ እናቱ ነው፤ ግን በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል።

ጠርሙሱ ድንበር ሲሻገር ውሉ ወዲያ ማዶ ይቀራል። በዓይነት የሚላክ ሐዋላ አንዱ ጠባይ ይህ ነው፤ ዕቃው ይላካል፣ ዕቃውን የከበበው ሥርዓት አይላክም።

ስሌቱ ቀላል ነው። በመጠቅለያው መሠረት 200 ሚሊግራም የሆነው ክኒን ያለ ሐኪም ምክር በቀን ከ6 በላይ፣ ለሕመም ከ10 ቀን በላይ አይወሰድም። ይህ ማለት ጽሑፉ የሚፈቅደው ረጅሙ አወሳሰድ 60 ክኒን ብቻ ነው። የጅምላ መደብሩ ግን 500 ክኒን የያዘውን ጠርሙስ ለአንድ ክኒን በሚደርሰው ዋጋ ከትንሹ በጣም አርክሶ ይሸጣል። ዋጋው «ብዙ ውሰድ» ይላል፤ ጽሑፉ «አቁም» ይላል፤ እንደተለመደው ዋጋው አሸናፊ ነው። ቅናሹ በመደብሩ ደረሰኝ ላይ ይታያል። ወጪው ደግሞ ከወራት በኋላ በኢንዶስኮፒና በደም መስጠት መልክ በሌላ አገር፣ በሌላ ደረሰኝ ላይ ይመጣል፤ ያንንም የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ያው ላኪ ነው። ሁለቱን ደረሰኞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ቤተሰብ ግን አይገኝም።

የንግድ ስሞች ጣጣውን ያወሳስቡታል። አድቪል፣ ሞትሪንና ብሩፌን አንድ መድኃኒት፣ አይቡፕሮፌን ናቸው፤ አሊቭ ናፕሮክሲን ነው፤ ቮልታረን ዲክሎፌናክ ነው። የዲክሎፌናክ ክኒን በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ፣ ለልብ በሚያስከትለው አደጋ ምክንያት፣ ያለ ማዘዣ አይሸጥም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ከሰፈር ፋርማሲ እንደዋዛ ይገዛል። እናቲቱ ጠዋት ሐኪም ለልቧ ያዘዘላትን አስፒሪን፣ ቀን ከሰፈር የተገዛውን፣ ማታ ከሻንጣ የመጣውን ብትውጥ፣ ሦስት የተለያዩ መድኃኒቶች እንደወሰደች ታስባለች፤ ጨጓራዋ የሚያውቀው ግን አንድ ቤተሰብ ነው። ከዚህም ሌላ አይቡፕሮፌን አስፒሪኑ ለልብ የሚሰጠውን ጥቅም ሊያደናቅፍ፣ ብዙዎች ለደም ግፊት የሚወስዱትን የኢናላፕሪልን ኃይል ሊያዳክምና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ጨጓራው ሲነሣ ሁለተኛ ጠርሙስ ይላካል፤ ኦሜፕራዞል። ይህ መድኃኒት ሐኪም አስቦ ከማስታገሻው ጋር ሲያዝዘው በእርግጥ ይከላከላል። በስልክ ምክር ሲጨመር ግን የመጀመሪያው ጠርሙስ ሳይጠየቅ እንዲቀጥል ያደርጋል፤ ቤተሰቡም አንዱ ክኒን ያፈረሰውን በሌላ ክኒን እየጠገነ ይኖራል።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጥ ከባድ መልስ አለ፤ ሊታለፍም አይገባም። የጉልበቱ ሕመም እውነተኛ ነው፤ ሐኪም ቤት ወረፋ አለ፣ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ልጅ የሚችለውን ልኮ መወቀሱ ግፍ ነው ይባላል። የሕመሙ እውነተኛነት አያከራክርም። ላኪው የሚችለው ይህን ብቻ ነው የሚለው ግን ልክ አይደለም። ፓራሲታሞል ለጉልበት ሕመም ኃይሉ አነስተኛ ነው፤ በቀን ከ4 ግራም ካላለፈና ጉበት ጤነኛ ከሆነ ግን ጨጓራን እንዲህ አይጎዳም። የሚቀባው የዲክሎፌናክ ጄል በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ ወደ ደም የሚገባው ከክኒኑ እጅግ ያነሰ ነው። ሻንጣው ውስጥ ያው ቦታ ይበቃዋል። የባክቴሪያው ምርመራም አዲስ አበባ ውስጥ አለ፤ ከተገኘ እስከ ሁለት ሳምንት በሚወሰድ መድኃኒት ይታከማል።

ላኪው ራሱም ከዚህ ውጭ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አሠሪን ለሕመም ፈቃድ እንዲከፍል አያስገድድም። አረጋውያንን እያነሣች የምታስተኛ ተንከባካቢ፣ ሌሊቱን የሚነዳ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ቤይሩት ወይም ሪያድ ውስጥ የዕረፍት ቀን የማታውቅ የቤት ሠራተኛ ክኒኑን የሚውጡት ዕረፍት ስለሚያጡ ነው። ለራሱ አካል ዕረፍትን በክኒን የለወጠ ሰው፣ ለእናቱም ያንኑ ቢልክ ምን ያስደንቃል?

ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህ ቁስለት ዝም ማለቱ ነው። ማስታገሻው ሕመምን ስለሚሸፍን፣ በተለይ በዕድሜ በገፉት ላይ፣ የመጀመሪያው ምልክት መድማቱ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ድካም፣ የዓይን መጨለም፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዓይነ ምድር። ወደ ሐኪም ቤት የሚያስሮጠው ይህ የመጨረሻው ነው። እናትም ይህን በስልክ አታነሣም፤ ልጅም ስለ በርበሬው ይናገራል እንጂ ስለዚህ መጠየቅን ነውር ያደርገዋል።