ጎረቤት የማያውቀው ጉድጓድ

በአዲስ አበባ ቦታ ገዝቶ ፎቅ ለማቆም የተነሣ ባለሀብት ለካርታ፣ ለፕላንና ለግንባታ ፈቃድ ሲሯሯጥ ይከርማል። ለጎረቤቱ ግን አንዲት ወረቀት እንኳ አይጽፍም። ጎረቤት ነገሩን የሚሰማው አንድ ማለዳ ኤክስካቫተር በአጥሩ ሥር ሲያጓራ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የመርካቶም የቦሌም ደላላ ያውቀዋል። ግድግዳ ይሰነጠቃል፤ ጎረቤት ጠበቃ ይዞ «ሁከት ይወገድልኝ» ይላል፤ ፍርድ ቤት እግድ ከሰጠ ሥራው ይቆማል። የማሽን ኪራይና የባንክ ወለድ ግን አይታገዱም።

ሕግ የለም እንዳይባል በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት እንዳያደርስበት ይከለክላል። በቁጥር 1149 ደግሞ የሁከት ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ሊቀርብ ይችላል። ይህ ሁሉ ግን የሚያገለግለው ጠቡ ከተነሣ በኋላ ነው። የተናጋ መሠረት በፍርድ አይጠገንም።

በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የጋራ ግንብ ሕግ ነገሩን ከፊት ይይዘዋል። ከጎረቤት ሕንፃ በ3 ሜትር ውስጥ ከመሠረቱ ጠልቆ የሚቆፍር ሰው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ ያስታውቃል፤ የጋራ ግንብ የሚነካ ከሆነ ሁለት ወር ይቀድማል። ጎረቤት በ14 ቀን ውስጥ ካልተስማማ ክርክር እንደተነሣ ተቆጥሮ ነገሩ በሕንፃ ባለሙያ ይታያል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጎረቤት ሥራው እንዴት ይሠራ የሚለውን ያስወስናል እንጂ አልወደድኩትም ብሎ አያስቀረውም።

የእኛ ባለሀብቶች ፍርሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። «ቀድመን ከነገርነው ዋጋ ይቆርጥብናል» ይላሉ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ፊርማ ከተጠየቀ ፊርማ ይሸጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ማስታወቅ እንጂ ፈቃድ መለመን አይደለም። ፈቃድ ሰጪው ክፍልም ከማመልከቻው ጋር የማስታወቂያው ቅጂና መድረሱ የተረጋገጠበት ወረቀት እንዲያያዝ ቢጠይቅ ይበቃል። የጎረቤት ስምምነት ግን አይጠይቅ።

ወረቀቱም ባዶ ሰላምታ መሆን የለበትም። ቁፋሮው ስንት ሜትር እንደሚወርድ፣ ከአጥሩ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ አፈሩ በምን እንደሚደገፍ፣ ሥራው በስንት ሰዓት እንደሚጀመርና እንደሚያበቃ ይናገር። ከቁፋሮው በፊት መሐንዲስ ሁለቱም ወገኖች ባሉበት የጎረቤትን ግድግዳ ፎቶግራፍ አንስቶ ቀን ጽፎ ያስፈርም። የዐሥር ዓመት ስንጥቅ የዛሬ ነው ተብሎ ካሣ እንዳይጠየቅበት ከማንም በላይ የሚጠቅመው ገንቢውን ነው።

ለማን ይነገር የሚለው ግን ቀላል አይደለም። ባለቤቱ አሜሪካ ወይም ዱባይ ሆኖ ቤቱን በውክልና የሚያስተዳድር ሞልቷል። የቀበሌ ቤት ከሆነ ባለንብረቱ መንግሥት ነው፤ ጣሪያ የሚያፈስበትና ሱቁ አቧራ የሚለብስበት ግን ተከራዩ ነው። ለወኪልም ለተከራይም አንድ አንድ ቅጂ መስጠት ከወረቀት ዋጋ አያልፍም።

ቦታ የሚያገናኙ ደላሎችም ቀብድ ከመቀበላቸው በፊት አጎራባቹ ምን እንደሚያውቅ ቢጠይቁ ገዢውም ሻጩም ያመሰግኗቸዋል። እስካሁን የሚጠየቀው ካርታውና የሊዝ ዕዳው ብቻ ነው።