የስሪት አገር ሰነድ ስህተት የሚያስከትለው ቅጣትና የአስፈጻሚው ኃላፊነት

ኢትዮጵያ በአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ማዕቀፍ ምርቶቿን መላክ የጀመረችው በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም ነው። የመጀመሪያዎቹ ጭነቶች ወደ ኬንያ፣ ሶማሊያና ደቡብ አፍሪካ መላካቸው ይታወቃል። ላኪው በእነዚህ አገራት የታሪፍ ቅናሽ ለማግኘት ከጭነቱ ጋር ትክክለኛ የስሪት አገር ማስረጃ ማቅረብ ይኖርበታል።

ቅናሹ የተፈቀደው በአባል አገራት ለተመረቱ ሸቀጦች ብቻ ነው። ከሌላ ክፍለ ዓለም የገባ ጨርቅ መለያው ተቀይሮና እንደገና ታሽጎ በአንድ አባል አገር ስም ቢላክ፣ ተቀባዩ አገር ቀረጡን ከማጣቱም በላይ በአህጉሩ ያለው አምራች ከገበያ ይገፋል። ማሸግና መለያ መለጠፍ ብቻቸውን የስሪት አገርነትን የማያሰጡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በስምምነቱ መሠረት የስሪት አገር ማስረጃ ለ12 ወራት ያገለግላል። ዋጋው ከ5 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ለማይበልጥ ጭነት ማንኛውም ላኪ ራሱ መግለጫ መስጠት ይችላል። ደጋፊ ሰነዶች ለ5 ዓመት ተጠብቀው መቆየት ስላለባቸው፣ ዕቃው ከተሸጠ ከዓመታት በኋላም ጥያቄ ሊነሳ ይችላል።

የተሳሳተ መረጃ የያዘ ሰነድ በማዘጋጀት ቅናሽ ለማግኘት የሚሞክርን ሰው የመቅጣት ሥልጣን የተሰጠው ለየአባል አገራቱ ሕግ ነው። በመሆኑም የቅጣቱ መጠን ከአገር አገር ይለያያል። በኢትዮጵያ በጉምሩክ ሥርዓት ላይ የሚፈጸሙ ጥፋቶች በአዋጅ ቁጥር 859/2006 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1160/2011 ይዳኛሉ።

ስህተትን ከማጭበርበር ለይቶ በመቅጣት ረገድ የአሜሪካ አሠራር ለንጽጽር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ በ1930 የወጣው የታሪፍ ሕግ ክፍል 592 ጥፋቱን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። በቸልተኝነት ለተፈጸመ ጥፋት ቅጣቱ እስከ ታጣው ቀረጥ እጥፍ፣ በከባድ ቸልተኝነት ለተፈጸመ እስከ አራት እጥፍ ሲደርስ፣ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ማጭበርበር ግን እስከ ዕቃው ሙሉ የአገር ውስጥ ዋጋ ሊዘልቅ ይችላል። ማጭበርበር የሌለበትን ስህተት ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ያሳወቀ አስመጪ ያልተከፈለውን ቀረጥ ከከፈለ ቅጣቱ በወለድ ብቻ ይወሰናል። ይህም ስህተትን ከመደበቅ ይልቅ ማረምን ያበረታታል።

ከገንዘብ መቀጮው ባልተናነሰ የሚጎዳው ግን ቅናሹን ማጣት ነው። የተቀባዩ አገር ጉምሩክ ሰነዱን ሲጠራጠር ለላኪው አገር ባለሥልጣን የማጣሪያ ጥያቄ ያቀርባል። ምላሹ ከዘገየ ወይም በቂ መረጃ ካልያዘ ቅናሹ ሊከለከል ይችላል። ያን ጊዜ ሙሉ ቀረጥ የከፈለው አስመጪ ኪሳራውን ወደ ላኪው መመለሱ፣ ከዚያም ሌላ አቅራቢ መፈለጉ አይቀርም። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሳይመለስ የቆየ ደብዳቤ ምንም ጥፋት ያልሠራን አምራች ያስቀጣል ማለት ነው።

ስለዚህ የምስክር ወረቀት የሚሰጡ ሠራተኞች ከመፈረማቸው በፊት የጥሬ ዕቃውን ምንጭና የምርት ሂደቱን የሚያሳይ ማስረጃ መመርመር፣ ቅጂውንም በአግባቡ መያዝ ይጠበቅባቸዋል። ለማጣሪያ ጥያቄዎች በወቅቱ ምላሽ የሚሰጥ ተጠያቂ የሥራ ክፍል መኖርም ግድ ይላል። በአንድ ሐሰተኛ ሰነድ የሚጠፋው አመኔታ ከዚያ በኋላ የሚላከውን ጭነት ሁሉ ለጥብቅ ፍተሻ ስለሚዳርግ፣ ጥንቃቄው ከማኅተሙ በፊት መጀመር አለበት።