ለዒድ ስልክ ልግዛለት? ከፍ ያለ ስጦታ ለወላጅም ለልጅም የሚያተርፈው መቼ ነው?

የረመዳን ወር ወደ መጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ሲጠጋ የቤተሰብ ወሬ ከኢፍጣር ሾርባና ሳምቡሳ ወደ ዒድ ዝግጅት ይዞራል። መርካቶ የልጆች ልብስና ጫማ በሚገዙ ወላጆች ይጨናነቃል። ቀድሞ አዲስ ቀሚስ ወይም ጀለቢያ፣ ከአያትና ከአጎት እጅ የምትገኝ ጥቂት ብር ልጁን ቀኑን ሙሉ ታስፈነድቀው ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ጥያቄ በየቤቱ ይሰማል፤ «ለዒድ ስልክ ግዙልኝ» የሚል። የአሥር ዓመት ልጅ የስልኩን ሞዴል በስም ጠርቶ፣ የጎረቤት ልጅ እንዳለው አስረድቶ ይጠይቃል።

ወላጅ በዚህ ጊዜ ሁለት ልብ ይሆናል። በአንድ በኩል ልጁ ከእኩዮቹ አንሶ እንዲታይ አይፈልግም። በሌላ በኩል ገንዘቡ ያሳስበዋል፣ ስልኩ በልጁ ላይ የሚያመጣውም ያስፈራዋል። ብዙዎች በመጨረሻ «ለልጄ ካልሆነ ለማን ነው?» ብለው ይገዛሉ። ጥያቄው ታዲያ ይህ ነው፤ ለልጆች ከፍ ያለ ስጦታ መስጠት፣ በተለይም ስልክና ታብሌት መግዛት፣ ያተርፋል ወይ? መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ ወላጁ የሚጠብቀው ትርፍ ምን እንደሆነ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንዱ የልጁን ትምህርት ያስባል፤ ሌላው ፍቅሩን፤ ሌላው ደግሞ የቤቱን ጸጥታ። ሦስቱም የየራሳቸው ሂሳብ አላቸው።

የኪሱ ሂሳብ

ከኪስ እንጀምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስልክና ታብሌት ደግሞ ዋጋቸው ከዶላር ጋር የሚወጣ ዕቃዎች ናቸው። ዛሬ አንድ መካከለኛ ስማርት ስልክ ለብዙ ዝቅተኛ ደመወዝተኞች ከወር ገቢ በላይ ነው። ወጪውም በግዢው አያበቃም፤ የኢንተርኔት ጥቅል፣ የተሰበረ መስታወት ማስቀየሪያ፣ ከዓመት በኋላም «አርጅቷል፣ ሌላ ግዙልኝ» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ለዚህ ሲባል የቤት ኪራይ የሚዘገይ፣ ዕቁብ የሚጓደል፣ ከዘመድ ብድር የሚጠየቅ ከሆነ ስጦታው ከመጀመሪያው ቤቱን አጉድሎ የገባ ነው። እስልምና ስስትን እንደሚጠላ ሁሉ ብክነትንም ይጠላል። የሚፈለገው በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ነው።

ስጦታ በሱናው ውስጥ

ይህ ማለት ግን ልጅን ማስደሰት ትርፍ ነገር ነው ማለት አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከልጆች ጋር የነበራቸው ቅርበት በሐዲስ መጻሕፍት በሰፊው ተዘግቧል። አቡ ዑመይር የተባለ ትንሽ ልጅ የሚጫወትባት ወፍ ነበረችው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ልጁን ባገኙት ጊዜ ስለ ወፏ ይጠይቁት ነበር። የልጁ መጫወቻ ለልጁ ትልቅ ጉዳይ መሆኑን ያውቁ ነበርና።

ከዚህ ወር ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሌላ ዘገባም አለ። ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ እንዳስተላለፈችው፣ የመዲና ሰዎች በዐሹራ ቀን ራሳቸው ጾመው ልጆቻቸውንም ያስጾሙ ነበር። ለልጆቹም ከሱፍ መጫወቻ ይሠሩላቸው ነበር። ልጁ ርቦት ሲያለቅስ መጫወቻውን ይሰጡትና የማፍጠሪያው ሰዓት እስኪደርስ በእሱ ያዘናጉት ነበር።

በዚህ ዘገባ ውስጥ ያለችውን መጫወቻ ልብ እንበላት። ውድ አይደለችም፤ ቤት ውስጥ ከተገኘ ሱፍ የተሠራች ናት። የተሰጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ልጁ ከአቅሙ ከፍ ያለውን ነገር እንዲወጣ ለመርዳት። የሰጡትም ሰዎች አብረውት እየጾሙ አጠገቡ ነበሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መጫወቻዋ የጾሙ ደመወዝ አልነበረችም። ዛሬ በአንዳንድ ቤቶች «ሠላሳውን ቀን ከጾምክ ስልክ እገዛልሃለሁ» የሚል ቃል ሲገባ ይሰማል። ሐሳቡ ቀና ነው፤ ነገር ግን ልጁ ከሱ የሚማረው ጾም ከአላህ ጋር ያለ ጉዳይ መሆኑን ሳይሆን ከአባት ጋር የሚደረግ ውል መሆኑን ነው። በሚቀጥለው ረመዳን «ዘንድሮስ ምን ትሰጡኛላችሁ?» ቢል አይፈረድበትም። ጥረቱን ማድነቅ፣ ግማሽ ቀን ጾሞ ለመጣ ልጅ የሚወደውን ምግብ ማዘጋጀት፣ በዒድ ቀንም ማስደሰት አንድ ነገር ነው። ኢባዳን በዋጋ መተመን ሌላ ነው።

«ለትምህርቱ ይጠቅመዋል»

ወላጆች ስልክና ታብሌት ሲገዙ ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት ምክንያት ትምህርት ነው። ምክንያቱ ባዶ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ጋር በዚያው ዓመት ያስጀመረችው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በኢንተርኔት በነፃ የሚሰጥ ነው። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ወጣት ወደ ኋላ መቅረቱ የታወቀ ነው።

ነገር ግን መሣሪያውን መስጠትና ልጁን ማስተማር አንድ አይደሉም። ሩማንያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ኮምፒውተር መግዣ የሚሆን 200 ዩሮ ድጎማ ትሰጥ ነበር። ኦፈር ማላሙድና ክሪስቲያን ፖፕ-ኤሌከስ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ድጎማውን ያገኙትንና በጥቂት የገቢ ልዩነት ያላገኙትን ቤተሰቦች አነጻጽረው ውጤቱን በ2011 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ኮምፒውተር የገባላቸው ልጆች የኮምፒውተር ችሎታቸው አደገ፤ የትምህርት ቤት ውጤታቸው ግን ቀነሰ። ኮምፒውተሩ በአብዛኛው ለጨዋታ ውሎ ነበር። ለወላጆች ትልቁ ቁም ነገር ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ወላጆች ስለ ቤት ሥራ ሕግ ባወጡባቸው ቤቶች ጉዳቱ ለዘብ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

በፔሩ ደግሞ በገጠር ትምህርት ቤቶች ለእያንዳንዱ ልጅ ላፕቶፕ ተሰጠ። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች 319 ትምህርት ቤቶችን አይተው በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ላይ ለውጥ አላገኙም። በእኛም አገር በዚያው ዓመት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ታብሌት ተሰጥቶ ልጆቹ ያለ አስተማሪ ራሳቸው ከፍተው መጠቀም እንደቻሉ ተነግሮ ዓለምን አስደንቆ ነበር። ልጆች መሣሪያን ፈጥነው እንደሚለምዱ ማንም ወላጅ ያውቃል፤ የሁለት ዓመት ሕፃን እንኳ የእናቱን ስልክ ከፍቶ ቪዲዮ ይመርጣል። ስልክ መክፈት መቻል ግን ማንበብ መቻል አይደለም። ከስክሪኑ ወደ እውቀት የሚያሻግረው ድልድይ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ተብሎ የሚገዛ መሣሪያ የሚያተርፈው ከግዢው በኋላ በሚከተለው ነገር ነው። ቤቱ ሕግ ካለው፣ የሚከታተል ሰው ካለ ይጠቅማል። ከሌለ ደግሞ ጨዋታ ይውጠዋል።

ፍቅርና ናፍቆት

ሁለተኛው የሚጠበቅ ትርፍ ፍቅር ነው። ማርሻ ሪቺንስና ላን ንጉየን ቻፕሊን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀዋል። ወላጆቻቸው ፍቅርን በዕቃ የገለጹላቸው፣ በዕቃ የሸለሟቸውና ዕቃ በመንጠቅ የቀጧቸው ሰዎች፣ ካደጉ በኋላ ራሳቸውንም ሌላውንም ሰው በንብረቱ የመመዘን ዝንባሌ ይታይባቸው ነበር። አንድ ስጦታ ልጅን አያበላሽም። ዕቃ የፍቅር ብቸኛ ቋንቋ ሲሆን ግን ልጁ ሌላ ቋንቋ ሳይማር ያድጋል።

ይህን ስንል በብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ውስጥ ያለውን አንድ እውነት መዝለል አይገባም። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከስልጤና ከሌሎችም አካባቢዎች ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኩዌትና ኤሚሬቶች የሄዱ እናቶች ብዙ ናቸው። ልጆቻቸው በአያትና በአክስት እጅ ያድጋሉ። እናት በሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ለዒድ ስልክ ትልካለች። ያ ስልክ ለእሷ ቅንጦት አይደለም፤ በኢሞ የልጇን ፊት የምታይበት መስኮት ነው። ይህችን እናት «ለምን ላክሽ?» ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሆኖም መስኮቱ እንዲያገለግል ሊታሰብበት ይገባል። ስልኩ ለልጁ የግል ንብረት ተብሎ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ አያት ልትቆጣጠረው አትችልም፤ «እናቴ የላከችልኝ ነው» ሲላት መልስ የላትም። ስልኩ በአያት ስም የቤቱ ስልክ ሆኖ ቢላክና የእናት ጥሪ የሚደርስበት ሰዓት ቢታወቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። እናት በዚያ ሰዓት የልጇን ቁርአን ብታስቀራው፣ ደብተሩን በካሜራው ፊት አስይዛ ብታይለት፣ የላከችው ነገር በእርግጥም ፍቅር ሆኖ ይደርሳል። አያትም ሥልጣኗ እንዲጠበቅ እናቲቱ ራሷ ለልጁ «የአያትህን ቃል ስማ» ብላ መናገር አለባት።

በልጆች መካከል ፍትሕ

በዒድ ስጦታ ዙሪያ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጉዳይ ፍትሕ ነው። ለበኩሩ ስልክ፣ ለታናሹ ኳስ፣ ለሴት ልጅ ደግሞ ቀሚስ ብቻ ይገዛል። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የኑዕማን ኢብን በሺር ታሪክ እዚህ ላይ ይነሳል። አባቱ በሺር ለእሱ ብቻ ስጦታ ሰጠው። እናቱ ዐምራ ቢንት ረዋሓ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምስክር ካልሆኑበት አልቀበልም አለች። በሺር ወደ እሳቸው ሄደ። እሳቸውም ለሌሎቹ ልጆቹ ተመሳሳይ ሰጥቶ እንደሆነ ጠየቁት። አለመስጠቱን ሲነግራቸው አላህን እንዲፈራና በልጆቹ መካከል ፍትሐዊ እንዲሆን አዘዙት፤ እሱም ስጦታውን መለሰ። በሌላ ዘገባ ደግሞ ልጆቹ ሁሉ እኩል በጎ እንዲውሉለት ይወድ እንደሆነ ጠይቀውታል።

ይህ ጥያቄ የዛሬውን ርዕሳችንን በቀጥታ ይመልሳል። የስጦታ ትርፍ ልጆች ነገ ለወላጅ የሚመልሱት በጎነት ከሆነ፣ አንዱን አስደስቶ ሦስቱን ያስከፋ ስጦታ ኪሳራ ነው። ዑለማዎች የልጆች ፍላጎት ሲለያይ፣ ለምሳሌ አንዱ ሲታመም ወይም ለትምህርቱ የተለየ ነገር ሲያስፈልገው፣ የወጪ ልዩነት ሊኖር እንደሚችል ያብራራሉ። ያን ጊዜም ምክንያቱን ለሌሎቹ ልጆች ገልጾ መናገር ቅያሜን ያስቀራል።

ምን ይደረግ?

ጸጥታን ፈልጎ ለሕፃን ስልክ መስጠት ዛሬ ያሳርፋል፣ ነገ ያስከፍላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አይመከርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል። ቲክቶክና ፌስቡክ ራሳቸው ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አካውንት እንዳይከፍቱ ይከለክላሉ። አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ዕድሜ በሕግ ወደ 16 ከፍ አድርጋዋለች። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሕግ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የቤት ሕግ ማውጣት በወላጅ እጅ ነው።

ስልክ ለመግዛት የወሰነ ወላጅ ሕጉን ከስልኩ በፊት ይናገር፤ ከተሰጠ በኋላ የሚመጣ ሕግ ቅጣት ይመስላልና። ስልኩ ሌሊት በወላጅ ክፍል ቻርጅ ይደረግ። በሶላት፣ በምግብና በጥናት ሰዓት ይቀመጥ። የልጆችን አጠቃቀም ለመገደብ የሚያስችሉ እንደ ፋሚሊ ሊንክ ያሉ መተግበሪያዎች በነፃ ይገኛሉ። ሕጉ ግን ለወላጅም ይሥራ፤ በኢፍጣር ማዕድ ላይ ስልኩን የሚያይ አባት «ስልክህን አስቀምጥ» ቢል የሚሰማው የለም።

መግዛት የማይችል ወላጅም አንሶ አይታይ። ልጁን ይዞ ተራዊሕ መሄድ፣ ለዒድ ሶላት አብሮ መውጣት፣ ዘመድ ጥየቃ መውሰድ፣ አንድ ጥሩ መጽሐፍ ገዝቶ አብሮ ማንበብ ልጅ የማይረሳቸው ስጦታዎች ናቸው።

በዒድ ዋዜማ ደግሞ ሌላ ዕድል አለ። ዘካተል ፊጥር ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል፣ ለሕፃናትም ጭምር፣ ከዒድ ሶላት በፊት የሚወጣ ነው። በእያንዳንዱ ሰው ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ የሚደርስ እህል ማለት ነው። ወላጅ ይህን ብቻውን አውጥቶ ከሚጨርስ፣ ልጁ የራሱን ድርሻ እንዲሰፍርና ይዞ ሄዶ በክብር ለተቸገረ ጎረቤት እንዲያደርስ ቢያደርግ መልካም ነው። በዒድ ጠዋት አዲስ ልብስ የለበሰ ልጅ፣ እሱ ባደረሰው እህል የጎረቤቱ ልጅም ጠግቦ መዋሉን ካወቀ፣ መቀበልን ብቻ ሳይሆን መስጠትንም ይማራል። እንዲህ ያለው ልጅ ወላጆቹ ሲያረጁ እጁን አያጥፍባቸውም።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ዒዱንም ለልጆቻችን የደስታ ያድርገው።