ባለቤቱ በሌለበት ዋጋ አይቆረጥም



ሸማ ተራ ገብቶ ጋቢ የገዛ ሰው ሁሉ የገበያውን ወግ ያውቃል። ሻጩ ይጠራል፤ ገዢው ይከራከራል፤ ሻጩ ይምላል፤ ገዢው ጥሎ ይሄድና ተመልሶ ይጠራል። በመጨረሻ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ለቀው ይስማማሉ። ሻጩ በሌለበት ዋጋ ቆርጦ ጋቢውን ይዞ የሄደ ሰው ግን «ተስማምተናል» ቢል ማን ያምነዋል?

ለአንድ ጋቢ የምናከብረውን ወግ ለገበሬው መሬት ስንነፍገው ግን አናፍርም። ዛሬ በየስብሰባው «ባለድርሻ አካላት ተስማሙ» ይባላል። ሹሙ አለ፤ ለጋሹ አለ፤ ምሁሩ አለ። በጉን በዚያ ተራራ የሚያግደው ሰው የት ነው?

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋሊያን ለማዳን ነበር። ዓላማው የተቀደሰ ነው፤ ዋሊያ ከዚያ ተራራ በቀር ሌላ አገር የለውምና። ቦታው በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 የሚበልጡ የግጭ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ዝውውሩ በወረቀት ላይ «በፈቃድ» ተብሏል። ፈቃድ ማለት ግን «አይሆንም» ለማለት የሚችል ሰው የሚሰጠው ቃል ነው። ሰዉ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ጦርነት መጣ፤ የዋሊያም ቁጥር ክፉኛ ወረደ። ዘበኛና ወረቀት ብቻቸውን ዋሊያን አላዳኑትም።

አሁን ደግሞ ወደ መንዝ እንመልከት። የጓሳን ሜዳ ሕዝቡ 400 ዓመት ያህል በገዛ ሕጉ ጠብቆታል። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር እስኪደርስ ሜዳው ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ የሚዘጋውም የሚከፍተውም ሕዝቡ የመረጠው አለቃ ነበር። በዚያው ሣር ውስጥ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ኖሩ።

ይህን ሕግ ያፈረሰው ማን ነው? እዚህ ላይ የእኛ ወገን፣ የተማሪው ወገን፣ ይስማ። በ1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ ወጣ፤ ጥያቄውም እውነተኛ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጭሰኛውን ነፃ አወጣ። ነገር ግን አጽመ ርስት ሲሻር የጓሳ የጋራ ሕግም አብሮ ተሻረ፤ ሜዳውም ጠባቂውን አጣ። ኋላ የተረፈው ሕዝቡ እንደገና ተሰብስቦ ስለ ጠበቀው ነው፤ የመንግሥትም ሕግ በመጨረሻ የሕዝብ ጥብቅ ቦታ ብሎ አወቀለት።

አንዳንድ መምህራን «እናንተ ስትከራከሩ እንስሳው ያልቃል» ይሉናል። እውነት ነው፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ግን የማይከበር አዋጅ ፈጥኖ መውጣቱ ምን ይጠቅማል? ገበሬውንም መልአክ አናድርገው፤ ቁልቁለቱን ያርሳል፤ ውሻውም የእብደት በሽታን ለቀበሮ ያስተላልፋል። ስምምነት እርሱንም ያስራል። የሚያስረው ግን ራሱ ሲዋዋል ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ድርድሩ ከአዋጁ በፊት በቦታው ይደረግ። ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ ለነዋሪው ስንት እንደሚደርስ ተጽፎ ይሰጠው። «አይሆንም» የማለት መብቱም ይከበር።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ገበሬው ያልገባበት ድር ግን ዋሊያንም አያድን።