በነጻ ያልበላሁት ቆጮ

ምግብ ቤት ስንገባ ሜኑ የማይገልጠው ሰው እኔ ነኝ። አስተናጋጇ ገና ሳትጠይቀኝ «ሽሮ» እላለሁ። ጓደኞቼ ስቀው ስቀው ሰልችቷቸዋል። ባለፈው ሳምንት ግን አንዷ የሱሺ ቪዲዮ ከቲክቶክ ላከችልኝና ከሥሩ «አንተ ይሄን ሳትቀምስ ልትሞት ነው» ብላ ጻፈችልኝ። ፋራ ነህ ማለቷ ነው።

እስቲ ለራሴ ጥብቅና ልቁም። ኢኮኖሚክስ የተማርኩት ለዚህ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው?

ኪሴ ውስጥ የምሳ 200 ብር አለ እንበል። ሽሮ ካዘዝኩ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ እጠግባለሁ። የማላውቀውን አዝዤ ካልጣመኝ ግን ብሩም ሄደ፣ እኔም ጦሜን ወደ ሥራ ልመለስ ነው። ሌላ ማዘዝ የሚችል ሰው ሲሞክር የሚያጣው ብሩን ብቻ ነው። እኔ የማጣው ምሳዬን ነው። «አዲስ ነገር መሞከር የሚወድ» የምንለው ሰው ብዙ ጊዜ ከእኛ የሚለየው በድፍረት አይደለም፣ ሁለተኛ ሳህን የማዘዝ አቅም ስላለው ነው።

የእኔ ሰበብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኬትሊን ዳንኤል የተባለች አሜሪካዊት የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመችው ጥናት አለ። ቦስተን አካባቢ ያሉ ወላጆች ለልጆቻቸው ምግብ ሲመርጡ ምን እንደሚያስቡ ጠይቃለች፣ ገበያም አብራቸው ወጥታለች። ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ጊዜ ሊቀርብለት ይችላል። እስከዚያ የሚተፋው ሁሉ ይደፋል። ገንዘብ ያላቸው ወላጆች ብክነቱን ይችሉታል። የሌላቸው ግን ልጁ እንደሚበላው እርግጠኛ የሆኑበትን ይገዛሉ። ያ ልጅ አድጎ «ምግብ ይመርጣል» ቢባል ምኑ ይገርማል?

(በጾም ወይም በእምነቱ ምክንያት የማይበላን ሰው እዚህ ውስጥ አላስገባሁም። ያ ሌላ ጉዳይ ነው።)

እስካሁን ክርክሩን እያሸነፍኩ ነው። ችግሩ ሌላ ክስ አለብኝ።

ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ሳለሁ ከዶርም ልጆች አንዱ ከጉራጌ ገጠር የመጣ ነበር። እኔ ጎጃም ነው ያደግኩት፣ ከጤፍ እንጀራ ውጭ ምግብ ያለ አይመስለኝም ነበር። ልጁ ከሴሚስተር ዕረፍት ሲመለስ እናቱ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ የላከችለትን ቆጮ ይዞ መጣ። አልጋው ላይ ዘርግቶ «ኑ ብሉ» አለን። እኔ ሽታው ሲደርሰኝ አፍንጫዬን ያዝኩና «ተበላሽቶ ነው እንዴ?» አልኩ። ዶርሙ በሙሉ ሳቀ። እሱም አብሮን ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ከቤቱ ምግብ ሲላክለት ሌላ ሕንጻ ያሉ የሰፈሩ ልጆች ጋ ሄዶ ነበር የሚበላው። ይሄን ያወቅኩት ልንመረቅ ስንል ነው።

ሽታው ምንድን ነው? እንሰቱ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቦካል። እናቴ ጓዳ ያለው ሊጥስ? እርሾ ገብቶበት ቀናት ከርሞ ሲኮመጥጥ አይደል የሚጋገረው? እንጀራ መጀመሪያ የቀመሰ ፈረንጅ ፊቱን ሲያጨማድድ እንስቅበታለን። ዶርም ውስጥ ፈረንጁ እኔ ነበርኩ።

ደግሞ እኮ የጥቂት ሰው ምግብ አይደለም። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን ሕዝብ በእንሰት ይኖራል። ድርቅ ይችላል፣ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ ጓሮ ቆሞ ይጠብቃል። ይሄን ስለ ምግብ ዋስትና ስንማር ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፣ ጥሩ ውጤትም አምጥቼበታለሁ። ማታ ዶርም ስገባ ግን አፍንጫ እይዛለሁ።

ሥራ ስጀምር የመሥሪያ ቤት ልጆች ክትፎ ቤት ወሰዱኝ። ለብለብ መጣ፣ አይብና ጎመን መጣ፣ ከጎኑ ቆጮ። ሁሉም ሲበላ አይቼ በላሁ። ጣመኝ። እንዲያውም ቆጮ አስጨመርኩ። የእኔ ድርሻ 900 ብር ሆነ። የወር ኪራዬን ለምታውቁ ሰዎች ምንም አልልም።

እዚህ ላይ የኪስ ክርክሬ ተናደ። ዶርም ውስጥ የቆጮው ዋጋ ዜሮ ነበር። ባይጥመኝ የማጣው ነገር አልነበረም፣ አንድ ጉርሻ ነው። ያኔ እንቢ ያልኩትን ነው 900 ብር ከፍዬ የበላሁት። እ.ኤ.አ. በ1992 ካናዳ ውስጥ ፓትሪሺያ ፕላይነርና ካረን ሆብደን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰው አዲስ ምግብ ምን ያህል እንደሚፈራ የሚለካ አሥር ዓረፍተ ነገር ያለው መጠይቅ አዘጋጅተው ነበር፣ እስካሁንም ይሠራበታል። እኔን የሚመለከተው ግን እዚያ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እኔ ምግቡን አልፈራሁም። የሚያቀርብልኝን ሰው ነው ያየሁት። የገጠር ልጅ ሲያቀርበው ሸተተኝ፣ ክራባት ያሰሩ ሰዎች ሲበሉት ጣመኝ።

የክትፎውን ፎቶ ስቶሪ ላይ ለጥፌው ነበር። መጀመሪያ የመለሰልኝ እሱ ነው።

«ስንት አስከፈሉህ?»

ነገርኩት። ሦስት የሚስቅ ኢሞጂ ላከ። ቆየት ብሎ ደግሞ «እናቴ በነጻ ልካልህ ነበር እኮ» አለ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ስጽፍ ስሰርዝ ቆየሁ። መጨረሻ ላይ የዶርሙን ቀን አንስቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ረስቼዋለሁ» አለኝ። እንዳልረሳው ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ «ለመስቀል ቤት ና» ብሎ ጠራኝ፣ እሄዳለሁ።

ሱሺውን በተመለከተ ለጓደኛዬ ያለኝ መልስ አልተቀየረም። ሒሳቡን ከዘጋሽ ነገውኑ እቀምሳለሁ።